የተረገጠው ቅርጫት

እኛ አገር ሰው ወይን ጠጅ ሲቀምስ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይነክሳል ወይ?" ብሎ ነው። ይጣፍጣል ወይ፣ መልኩ ያምራል ወይ የሚል የለም። ራሚስኮ የምንለው የአሸዋ ወይን በልጅነቱ ምላስ ይዞ አይለቅም፤ ድድ ያደርቃል፣ ጉንጭ ያኮማትራል። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ቁጣው ሁሉ ከቆዳው ነው የሚመጣው። አሥር ዓመት በርሜል ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ጥርሱን መሸፈን ገና መጀመሩ ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ የነካው የጥድ ጫካ ይሸታል፣ ከሥሩ ደግሞ ጨው አለው፤ ባሕሩ ሌት ተቀን ጨው እየተፋበት ወዴት ይሸሸዋል። አባቴ ቦኒፋሲዮ "ያልነከሰኝ ልጅ የኔ አይደለም" ይል ነበር። ወንድሜ ሲልቬሪዮ ሕፃን ሳለ አውራ ጣቱን ነክሶት ስለነበር አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ያወራለት ነበር። እኔም ነክሼዋለሁ። ሴት ስለሆንኩ አልተቆጠረልኝም።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ በነበሩበት ዘመን የሥር ቅማል የሚሏት ተባይ መጥታ የአገሩን ወይን ሁሉ ስትፈጅ፣ እኛን የአዜንያስ መንደር ሰዎችን አልነካችንም። ተባይዋ በጠጣር መሬት ውስጥ እንደ ልቧ ትሄዳለች፤ አሸዋ ውስጥ ግን መንገዱ ይዘጋባታል። እኛ የምንተክለው ደግሞ ከገደሉ በላይ ባለው አሸዋ ውስጥ ነው። ይህ ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሥሩ አሸዋ አይበላም፣ ጭቃ ይፈልጋል፤ ጭቃው ደግሞ ከታች ነው ያለው። ስለዚህ አሸዋውን ሰንጥቀን እንወርዳለን፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ሰው ቢደራረብ የላይኛው አናቱ አይታይም። ቅርንጫፉን ጭቃው ውስጥ ሰክተን፣ አሸዋውን ቀስ በቀስ እንመልስበታለን።

ታች የሚገባ ሰው ቅርጫት ራሱ ላይ ደፍቶ ነው የሚገባው። ግድግዳው የተናደ እንደሆነ ቅርጫቱ ፊቱ ላይ ጥቂት አየር ይይዝለታል፤ ከላይ ያሉት ቆፍረው እስኪደርሱለት በዚያ ይተነፍሳል። የእያንዳንዱ ሰው ቅርጫት አናቱ ላይ የጨርቅ ምልክት አለው፤ ሲናድ ቀድሞ የሚታየው እሱ ስለሆነ ማንን እያወጣህ እንደሆነ ታውቃለህ። የሲልቬሪዮ ቀይ ነበር፣ የባሌ የአንሴልሞ ሰማያዊ። ሁለቱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሰውን ይሰድባል፣ ይማታል፣ ሲብስበትም ቢላ ይማዘዛል፤ የሰው ቅርጫት ግን አይረግጥም። የሰው ቅርጫት የረገጠ "ሙት" ማለቱ ነው።

ባሌ አንሴልሞ የቴሩዤም መንደር ልጅ ነበር፤ መንደሩ ከባሕሩ ወደ ውስጥ፣ ጠጣሩ መሬት ላይ ነው። ተባይዋ የአባቱን ወይን ከሥሩ ስትመጠው ሽማግሌው በዚያው ዓመት በብስጭት ሞተ። አንሴልሞ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ እኛ ዘንድ ለቀን ሥራ መጣና እኔን አገኘ። አግብቶኝም ከአባቴ ቤት ገባ። ወንድሜ ገና ከመጀመሪያው ቀን "ጠጣሩ" ብሎ ስም አወጣለት። "ጠጣሩ፣ ጨው አቀብለኝ"፣ "ጠጣሩ፣ አንተው ተነሣ እንጂ እህቴን አታስነሳት"። አንሴልሞ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። የሰው ሳቅ ግን ሁሉም ከአንጀት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ቤት የለም፣ የእኛ ቤት ግን ረሳው።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር፣ በሳን ማርቲንሆ በዓል ቀን ነው። በዚያ ቀን በርሜል ይከፈታል፣ የዛፍ ለውዝ ይጠበሳል፣ ጎረቤት ከቤት ቤት እየዞረ ይቀምሳል። አባቴ ትልቁን አሮጌ በርሜል ከፈተ። ጋሽ ላውሪንዶ የሚባሉ ምላሳቸው የማያርፍ ጎረቤታችን ጎንጨት አሉና ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

"ቦኒፋሲዮ" አሉ፣ "ይሄ ነገር ለስለስ አላለም? ጠጣር መሬት ገብቶበታል እንዴ?"

ቀልዳቸውን ነበር። ግን ያኔ ነጋዴው ሁሉ የጠጣር መሬት ወይን እየቀላቀለ "የአሸዋ ነው" ብሎ የሚሸጥበት ዘመን ስለነበር ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም። ለአባቴማ ሚስትህ ሌላ ወደደች ከማለት ይብስ ነበር። ፊቱ ነጣ። ጽዋውን አስቀመጠ፣ ተነሣና እጁን በርሜሉ ላይ አደረገ።

"ሲልቬሪዮ ይሙት!" አለ ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ። "ልጄ ይሙት፣ ይህ በርሜል ከአሸዋ በቀር አያውቅም!"

 ሲልቬሪዮ ለውዙን እያላመጠ፣ "አባዬ፣ በራስህ ማል እንጂ፣ እኔን ለመግደል ምን አጣደፈህ?" አለና ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ላውሪንዶ ይቅርታ ጠየቁ፣ ደግመው ቀመሱና "አዎ፣ እንዲያውም ዘንድሮ ብሶበታል፣ ነከሰኝ" አሉ። አባቴ ጢሙን እየላሰ "ከዚህ የጠራ አሸዋ ጠምቄ አላውቅም" አለ። አንሴልሞ ከበሩ ጎን ቆሞ ነበር። ሳቁ ላይ አልተቀላቀለም። እኔ ሆዱን አሞት መስሎኝ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። አባቴ ግን ያን ዕለት አፉን ወለም እንዳለው እንኳ አላወቀም።

በጥር ወር አዲስ ቦይ ከፈትን። አባቴ ነፋሱ የገነጠለውን የሸምበቆ አጥር ሊጠግን ከማሳው ማዶ ሄደ። አንሴልሞ ከታች ዶማ ይዞ፣ ሲልቬሪዮ መካከል ላይ ባለው እርከን አካፋ ይዞ፣ እኔ ከላይ። አንሴልሞ ይቆፍራል፣ ሲልቬሪዮ ወደ እኔ ይወረውራል፣ እኔ ከአፋፉ አርቄ እበትናለሁ። ሁለቱም ቅርጫታቸውን ደፍተዋል። ባሕሩ ያን ቀን ክፉ ነበር፤ ገደሉን ሲመታው መሬቱ እግሬ ሥር ይሰማኝ ነበር።

"ኧረ ቀስ በል፣ ጠጣሩ!" አለ ሲልቬሪዮ። "ድንጋይ አይደለም የምትፈልጠው።"

"አንተ ዝም ብለህ አካፋህን ያዝ።"

"እናንተ አገር እስከ የት ነው የምትቆፍሩት? እስከ ጉልበት? ለዚህ ነዋ ቅማሏ ለቁርስ ያደረገቻችሁ።"

እኔ ሳቅሁ። አንሴልሞ ዶማውን አነሣና መታ።

"አባትህስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምን ይጠምቅ እንደነበር ቴሩዤም ላይ ጠይቄያለሁ" አለ ሲልቬሪዮ። ሞቆት ነበር፣ ሰው ሲስቅለት ማቆሚያ አያውቅም። "ጎመን ላይ ነው የሚያፈሱት አሉኝ። ኮምጣጤ ሲጠምቅ ኖሮ ኮምጣጤ ሆኖ ሞተ።"

"ሲልቬሪዮ፣ ይበቃል" አልኩ ከላይ።

አንሴልሞ ዶማውን አቆመ። ቀና ሲል ከቅርጫቱ ሥር ፊቱ አይታየኝም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት።

"ኮምጣጤ ነው የአባቴ ወይን?"

"እኔ አላልኩም፣ አገሩ ነው ያለው።"

"እንግዲያው በሳን ማርቲንሆ ቀን ጢማችሁን እየላሳችሁ ያሞገሳችሁት ኮምጣጤ ነው።"

ሲልቬሪዮ አካፋውን እንደያዘ ቀረ። "ምን ማለትህ ነው?"

"በበጋ በርሜሉ ሲጎድል ሙላው ብላችሁ የምታዙት ማንን ነው? እኔን አይደለም? ሞላሁት። አባቴ ከመሞቱ በፊት የጠመቀው የመጨረሻው ወይን አልጋዬ ሥር ነበር። አንዲት ጠብታ ሳላስቀር ገለበጥኩት። ከዚያ ቆሜ አየኋችሁ። 'ከዚህ የጠራ አሸዋ ጠምቄ አላውቅም!' አባቴን ነው የጠጣችሁት፣ ገባህ? አባቴን!"

አልጋው ሥር በሸምበቆ የተለበጠ ትልቅ ጠርሙስ እንደነበረ አውቃለሁ። ባዶ የሆነ ጊዜ ጠጥቶት ነው ብዬ አዝኜለት ነበር።

"አባዬ በኔ ነው የማለው" አለ ሲልቬሪዮ።  "'ሲልቬሪዮ ይሙት' ነው ያለው። አጠገብህ ቆሜ።"

"እንደሚምል አላወቅሁም።"

"ከማለ በኋላስ? አፍህን ምን ያዘው?"

 "ሳቅህ" አለው አንሴልሞ።

ሲልቬሪዮ ከእርከኑ ዘሎ ወረደ። አካፋውን በሁለት እጁ ይዞ በእጀታው መታው፤ አንሴልሞ ክንዱን ቢያነሣ ክንዱ ላይ አረፈበት። ሲሰበር ከላይ ሆኜ ሰማሁት፣ ደረቅ ሸምበቆ ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው። አንሴልሞ አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ በጭንቅላቱ ሆዱን ወጋውና ሁለቱም ጭቃው ላይ ወደቁ። ሲልቬሪዮ ከላይ ሆኖ ፊቱን በቡጢ ይቀጠቅጠዋል፣ አንሴልሞ በደህና እጁ ጉሮሮውን ይዟል፤ ሲልቬሪዮ እጁን ሊያስለቅቅ ሲታገል አንሴልሞ የእጁን ሥጋ በጥርሱ ያዘና አልለቀቀም። ወንድሜ እንደ ከብት ጮኸ። ደሙ አሸዋው ላይ ሲንጠባጠብ ጥቁር ሆኖ ይታየኝ ነበር።

"ልቀቀው! አንሴልሞ! ሲልቬሪዮ! የእግዚአብሔር ያለህ ግድግዳው!"

በያንዳንዱ ምት ከጎን ያለው አሸዋ ይሸሽ ነበር፤ መጀመሪያ እፍኝ እፍኝ፣ ኋላ ጉልቻ ጉልቻ የሚያህል። እኔ ብገባ ሦስተኛ እግር ይጨመራል፣ ግድግዳው ላያችን ላይ ይመጣል። አፋፉ ላይ ተንበርክኬ መጮህ ብቻ ነው የቻልኩት።

ከዚያ ሲልቬሪዮ እጁን ነጥቆ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ የአንሴልሞን ቅርጫት ከራሱ ላይ ገነጠለው። ጭቃው ላይ ወረወረውና በጫማው ረገጠው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ተንሸራትቶ ነው ባልኩ። ሸምበቆው ተበጣጥሶ ሰማያዊው ጨርቅ ጭቃ ውስጥ እስኪሰጥም ድረስ ደጋገመው።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ሮጥኩ። እነዚህን ሁለት ጅሎች የሚለይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ከማሳው ማዶ ሸምበቆ ያስር ነበር። አሸዋ ላይ መሮጥ ምን እንደሆነ የሮጠ ያውቀዋል፤ በሕልም እንደ መሮጥ ነው። ጫማዬን አውልቄ ጣልኩ።

"አባዬ! ና! ሊገዳደሉ ነው!"

"እነማን?"

"ሲልቬሪዮና አንሴልሞ! አንሴልሞ በርሜሉ ውስጥ የአባቱን ወይን ጨምሮበት ኖሯል፣ ሲልቬሪዮ ሰምቶ ክንዱን ሰበረው፣ ቅርጫቱን ረገጠበት፣ ና!"

አባቴ የያዘው ሸምበቆ ከእጁ ወደቀ። "የቱ በርሜል?" አለኝ።

"ሊገዳደሉ ነው እያልኩህ!"

"የቱ በርሜል ነው፣ ኡምቤሊና?"

"የማልክበት!" ብዬ ጮኽኩበት፣ "የማልክበት በርሜል!" ደረቱን ገፍቼው ወደ ቦይው ዞርኩ። ያኔ መጣ። ሲሮጥ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው አይመስልም ነበር፤ ቀደመኝ።

ከአፋፉ ስንደርስ ድምፅ የለም። ቦይው የለም። በቦይው ፋንታ ልሙጥ አሸዋ አለ፤ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል፣ ከጎኖቹ ገና ሹልክ ሹልክ እያለ ይወርዳል። ከጎድጓዳው ውስጥ አንድ የቅርጫት አናት ብቅ ብሎ ይታያል። ጨርቁ ቀይ ነው።

"ቀይ ነው!" አለ አባቴ። "ቀይ ነው፣ ሲልቬሪዮ ነው! መጣሁ ልጄ! ተንፍስ፣ ብቻ ተንፍስ!"

የአንሴልሞ ቅርጫት የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ተረግጦ ሲሰጥም አይቻለሁ። ባሌ ያለ ቅርጫት ከታች ነው። ሌላ ቦታ ልቆፍር እጄ ተነሣ፤ ግን የት እንዳለ በምን ላውቅ? በእኛ ዘንድ ደግሞ ቅርጫቱ የታየው ነው መጀመሪያ የሚወጣው፤ በሞተ ሰው ምክንያት ትንፋሽ ያለውን አታጣም። አካፋዬን ይዤ ከአባቴ ጎን ወረድኩ። በሆዴ ባሌን እያለቀስኩ ወንድሜን ቆፈርኩ።

አባቴ ከአፋፉ ላይ ባነሣው ዶማ አሸዋውን እየሳበ፣ እኔ እየወረወርኩ፣ ቅርጫቱ እስከ ጠርዙ ተገለጠ። አባቴ ዶማውን ጥሎ በሁለት እጁ አነሣው።

ከሥሩ የአንሴልሞ ፊት ነበር። ያበጠ፣ በደምና በአሸዋ የተለሰነ፣ ዐይኑ የተገለጠ። ይተነፍሳል።

ደስ አለኝ። እግዜር ይፍረድብኝ፣ ወንድሜ ከእግሬ ሥር ተቀብሮ ሳለ ደስ አለኝ፣ "አንሴልሞ!" ብዬ ጮኽኩ። ያ ጩኸቴ ለአባቴ ምን ሆኖ እንደተሰማው አሁን ሳስበው ይገባኛል።

"አንተ?" አለ አባቴ። ቅርጫቱን አየ፣ ቀዩን ጨርቅ አየ፣ መልሶ አንሴልሞን አየ። "አንተ ነህ? የልጄን ቅርጫት?"

አንሴልሞ አፉን ከፈተ። የወጣው አሸዋ ነው።

"በበርሜሌ ላይ አባትህን አፈሰስክብኝ፣ በውሸት በልጄ አስማልከኝ፣ አሁን ቅርጫቱን ቀምተህ ትተነፍሳለህ? ትተነፍሳለህ አንተ?"

ዶማውን አነሣ። "አባዬ!" አልኩ፤ አልሰማኝም። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ደሙ ሸሚዙን አልፎ ወጣ፤ አንሴልሞ እስከ ደረቱ ተቀብሮ ስለነበር መሸሽ ቀርቶ መውደቅ እንኳ አልቻለም። ራሱን ብቻ ወደ ጎን አዘነበለ። አባቴ ዶማውን እንደገና ወደ ላይ አነሣ፤ በዚህኛው አናቱን ነበር ያነጣጠረው። ያን ዐይን አውቀዋለሁ፣ አሳማ ሲያርድ ነው እንደዚያ የሚያየው።

አካፋዬን አዙሬ በጠርዙ የእጁን አንጓ መታሁት። እንዳልስተው ባለ በሌለ ኃይሌ ነው የመታሁት። ዶማው ወደቀ። እጁ ከአንጓው ታጥፎ ተንጠለጠለ። አባቴ እጁን አየው፣ እኔን አየኝ።

"አንቺ..." አለ።

"እጁን እይ! ያንተን አይደለም፣ የሱን! አባዬ፣ እጁን እየው!"

ያኔ ነው እኔም ያየሁት፤ ከመታሁት በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ከአሸዋ የሚወጣ ሰው፣ ሕያውም ሆነ ሬሳ፣ እጁ ከቅርጫቱ ከንፈር ላይ ነው የሚገኘው። ሲናድ ቀድሞ የሚሄደው እጅ ነው፤ ቅርጫቱን ይይዛል፣ እዚያው ይደርቃል። የሌላ ሰው ቅርጫት የቀማ ሰውማ እጁ ከዚያ ወዴት ይሄዳል? የአንሴልሞ ሁለት እጆች ግን ከጎኑ ወደ ታች ተቀብረዋል። በዙሪያው ያለው አሸዋ ረግጠው እንደሞሉት ጠጥሯል፤ ከላይ የነበረው ግን ገና የፈሰሰ፣ ልል ነው። ናዳው ሁለት ጊዜ መጥቷል። የመጀመሪያው እስከ ደረቱ ውጦ ሲያስረው፣ ቅርጫቱ ከዚያ በኋላ ነው የተደፋለት። በራሱ እጅ አይደለም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አሸዋ የቆፈረ ሰው ነው፤ ለሱ ማስረዳት አላስፈለገኝም።  ከዚያ በግንባሩ ተደፍቶ በአንድ እጁ መቧጠጥ ጀመረ፣ "ሲልቬሪዮ፣ ሲልቬሪዮ" እያለ። የተሰበረውን እጅ ሳይቀር ሊጠቀምበት ይሞክር ነበር፤ እያመመው ይጮሃል፣ ደግሞ ይሞክራል።

ወንድሜን ከአንሴልሞ ፊት ለፊት አገኘነው። ራሱ ላይ ምንም የለም። በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ፊት ተደፍቶ፣ ሁለት እጆቹ የአንሴልሞን ቀበቶ ይዘዋል። ጥፍሮቹ ተነቅለው ነበር። ጎትቼ አወጣሁት፣ አፉን በጣቴ ጠረግሁ፣ ደረቱን ተጫንኩ፣ በጥፊ መታሁት፣ ሰደብኩት። "ተነሥ አንተ ከንቱ! ተነሥ!" አልኩት። አልተነሣም።

አባቴ ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በጠጣ ቁጥር "እጄን ባትሰብሪው ኖሮ ቀድመን እንደርስለት ነበር" ይለኝ ነበር። እኔም በየጊዜው "ዶማህን ባታነሣ ኖሮ ነዋ" እለው ነበር። እኔ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ዛሬም ያው ዶማ ቢነሣ፣ ያው አካፋ ይነሣል።

አንሴልሞን ቆፍሬ ሳወጣው አባቴ ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ከፊቱ አሸዋ በምራቁ እያራሰ ይጠርግ ነበር። አንሴልሞ መቆም አልቻለም፤ እየተሳበ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። አንድ ክንዱ የሲልቬሪዮ ሥራ፣ አንድ ትከሻው የአባቴ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ።

"ምን አለህ?"

"እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኔ..."

"ልጄ ምን አለህ ነው የምልህ!"

አንሴልሞ አሸዋ ተፋ። "ስንታገል ግድግዳው መጣና እስከ ደረቴ ያዘኝ። እሱን አልነካውም፣ እርከኑ ላይ ወጥቶ ነበር። መሄድ ይችል ነበር፣ አባባ። ዞሮ አየኝ። ወረደ። ቅርጫቱን አውልቆ ደፋብኝ።"

"ምን እያለ?"

አንሴልሞ ወደኔ አየ። የሚያምር ነገር እየፈለገ እንደነበረ ገባኝ፤ እኔ ብሆን አንድ ነገር ፈጥሬ በነገርኩት። ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ፣ አባቴን ተንከባከብልኝ አለኝ፣ እንዲህ ያለውን። አንሴልሞ ግን በዚህ ቤት ከዚያ በኋላ አንዲት ውሸት አልወጣችውም።

"'አንተን የምገድልህ እኔ ነኝ እንጂ አሸዋ አይደለም' አለኝ። 'ይቺን ደፍተህ ጠብቀኝ፣ አንተ የጠጣር መሬት አህያ።'"

ከአባቴ ጉሮሮ አንድ ነገር ወጣ፤ ሳቅ ነበር። ከልቡ ነው የሳቀው። "እሱ ነው" አለ። "እንዲህ የሚለው ልጄ ነው። ሰማሽ፣ ኡምቤሊና? አህያ አለው!" ሳቁ እንደያዘው ፊቱን ወደ አንሴልሞ አስጠጋ። "ሌላስ? ሌላስ ምን አለህ?"

"ሌላ አላለም፣ አባባ። በእጁ ይቆፍረኝ ጀመር። ከዚያ አሸዋው መጣ።"

አባቴ በደህና እጁ አንሴልሞን በጥፊ መታው፤ ከከንፈሩ ደም ፈነጠቀ። ሁለተኛ መታው። አንሴልሞ ፊቱን እንኳ አላዞረም። ከዚያ አባቴ ጸጉሩን ጨምድዶ ያዘና ራሱን ጎትቶ ከሲልቬሪዮ ራስ ጎን በገዛ ደረቱ ላይ ጫነው፣ እንዲህ ይዞት አፉን ከፍቶ አለቀሰ። ጋሽ ላውሪንዶና ጎረቤቶቹ ጩኸት ሰምተው ከአፋፉ ላይ ሲደርሱ፣ ባሌ በደም ተለውሶ አባቴ እጅ ውስጥ ሲያዩት "ኧረ ገላግያቸው፣ ሊያንቀው ነው!" ብለው ጮኹብኝ። አካፋው እጄ ላይ ነበር። አልገላገልኳቸውም።